ሪሰርች ግሩፓችሁ ውስጥ ሁሉም ሰው ፕሮጀክቱንና የሚወደውን ምግብ ሼር የሚያደርግበት ሴሽን እንዴት ይዘጋጃል? ዝርዝር መመሪያ

ብዙ ሪሰርች ግሩፕ ውስጥ ያለ ነገር ነው። ሁለት ሰዎች ጎን ለጎን ተቀምጠው ዓመት ይሰራሉ፣ አንዱ የሌላውን የፕሮጀክት ርዕስ ያውቃል፣ ግን ሰውየው አሁን ምን ላይ ተይዞ እንደቆመ አያውቅም፣ ምን እንደሚወድማ ጭራሽ። ሳምንታዊው ሚቲንግም ይሄን አይፈታውም፤ አንድ ሰው ሰላሳ ስላይድ ይዞ ይቆማል፣ አድቫይዘሩ ይጠይቃሉ፣ ሌላው ላፕቶፑ ላይ አቀርቅሮ ይቆይና ሰዓቱ ሲያልቅ ሁሉም ይነሳል።

እኔ የምላችሁ ሴሽን ከዚህ የተለየ ነው። በአንድ ቀን ሁሉም አባል፣ ከአድቫይዘሩ ጀምሮ ትናንት እስከገባው የማስተርስ ተማሪ፣ በአጭሩ ስለሚሰራው ነገርና ስለሚወደው ምግብ ያወራል፣ ከዛ አብሮ ይበላል። ምግቡ ለምን ገባ ካላችሁ፣ አንድ ሰው ስለሚወደው ምግብ ሲናገር ከሱ በላይ የሚያውቅ ሰው ስለሌለ ነው። ሪዘልት የሌለው ሰው ስለ ፕሮጀክቱ ለመናገር ይሸማቀቃል፣ ስለ ምግብ ግን ማንም አይሸማቀቅም፣ እና አንዴ ድምፁን ያሰማ ሰው ሁለተኛ ጊዜ ለመናገር ብዙም አይከብደውም። ግቡ ደግሞ አንድ ነው፦ ሴሽኑ ሲያልቅ እያንዳንዱ ሰው ስቸገር ማንን ልጠይቅ የሚለውን ማወቅ አለበት። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ለዚች ግብ ነው።

ደረጃ 1፦ ሰዓቱን አስሉት

ለአንድ ሰው 1 ደቂቃ ለምግቡ፣ 3 ደቂቃ ለፕሮጀክቱ፣ 3 ደቂቃ ለጥያቄ ስጡት። 7 ደቂቃ ማለት ነው፣ 10 ሰው ካላችሁ 70 ደቂቃ። ከዛ በኋላ ለመብላትና ለመጫወት ቢያንስ 45 ደቂቃ ተውለት፣ ምክንያቱም ዋናው ወሬ የሚወጣው እዛ ላይ ነው። ከ12 ሰው በላይ ከሆናችሁ በሁለት ቀን ክፈሉት እንጂ የአንዱን ሰው ጊዜ እየቆረሳችሁ አታጣቡት፤ የሚቆረሰው ሁሌም የጥያቄው ጊዜ ነው፣ ያለ ጥያቄ ደግሞ ነገሩ ተራ በተራ ማንበብ ይሆናል።

ቀኑን ስትመርጡ የኮንፈረንስ ዴድላይን ያለበትን ሳምንት ዝለሉት። የሚጾሙ አባላት ካሉም ጠይቁና ምግቡ እነሱን የማያገልል ቀን ላይ አድርጉት።

ደረጃ 2፦ ከሁለት ሳምንት በፊት መልእክት ላኩ

ግሩፕ ቻቱ ላይ ይሄን የመሰለ ነገር በቂ ነው፦

«ሰላም ለሁላችሁ፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ሐሙስ ከሰዓት ሁላችንም ስለምንሰራውና ስለምንወደው ምግብ የምናወራበት ፕሮግራም አለን። ለያንዳንዱ ሰው 7 ደቂቃ ነው፣ አንድ ስላይድ ብቻ፣ ካልፈለጋችሁ ያለ ስላይድም ይሆናል። ምግብ ማምጣት ግዴታ አይደለም። እስከ ሰኞ ድረስ ለኔ በግል የማትበሉትን ነገር ጻፉልኝ፣ ምክንያቱን መግለጽ አይጠበቅባችሁም።»

የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር እንዳትረሷት። አንዳንዱ ሰው በአለርጂ፣ አንዳንዱ በሃይማኖት፣ ሌላው በጤና ወይም ከምግብ ጋር ባለው ከባድ ታሪክ የማይበላው ነገር አለ፣ እሱን ሰው ፊት እንዲያስረዳ ማድረግ ተገቢ አይደለም። ለዛ ነው በግል ይጻፍልኝ የሚባለው። ምግብ ማምጣትም በፈቃደኝነት ይሁን፣ ወጪው ለተማሪ ቀላል ላይሆን ይችላል፣ የግሩፑ በጀት የሚችል ከሆነ ዋናውን ምግብ ከዛ ሸፍኑ።

ደረጃ 3፦ ፕሮጀክትን በ3 ደቂቃ መናገር

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ አብዛኛው ሰው የሚቸገረው እዚህ ጋ ነው።

በ3 ደቂቃ መናገር አዲስ ነገር አይደለም፤ አውስትራሊያ የሚገኘው የኩዊንስላንድ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2008 የጀመረው የሶስት ደቂቃ ቴሲስ ውድድር ዛሬ በብዙ አገር ዩኒቨርሲቲዎች ይካሄዳል። ሕጉ 3 ደቂቃ፣ አንድ የማይንቀሳቀስ ስላይድ፣ አኒሜሽን የለም፣ ቪዲዮ የለም። የአንድ ስላይድ ሕጉን ከዛ ውሰዱ፣ የውድድር መንፈሱን ግን ተውት። ውድድር ላይ ሰው ያሳመረውን ነው የሚያሳየው፣ እናንተ ደግሞ የምትፈልጉት ያልተሳካውን ነው።

እያንዳንዱ ሰው አራት ነገር ይመልስ። ጥያቄዬ ምንድነው? መልሱ ቢገኝ ማን ይጠቀማል? በዚህ ሳምንት በእጄ የምሰራው ምንድነው? ምን ላይ ቆሜያለሁ? ሶስተኛውና አራተኛው ከሁሉም ይበልጣሉ፣ ሰው ግን ሁሌም የመጀመሪያው ላይ ጊዜውን ይጨርሳል፣ ስለዚህ ልምምድ ስታደርጉ ከአራተኛው ወደ ኋላ እየሄዳችሁ አዘጋጁት።

እስቲ በምሳሌ እንየው። አንድ ሰው እንዲህ ጻፈ እንበል፦

«ፕሮጀክቴ በማሽን ለርኒንግ የታገዘ የሳተላይት ራዳር ምስል ትንተናን በመጠቀም የአፈር እርጥበት መጠን ግምት ሞዴል ማዘጋጀት ነው።»

ስህተት የለበትም፣ ግን ሰምቶ የሚጠይቅ ሰው አይኖርም፣ መጠየቂያ ቀዳዳ የለውማ። ይሄው ሰው እንዲህ ቢልስ፦

«አፈር ውስጥ ምን ያህል ውሃ እንዳለ ሳልቆፍር ከሳተላይት ማወቅ እፈልጋለሁ። መቼ ውሃ ማጠጣት እንዳለበት የሚወስን ገበሬ ይጠቀምበታል። ሳተላይቱ የሚልከው የራዳር ሞገድ እርጥብ አፈር ላይ ሲያርፍ ከደረቁ ይልቅ በርትቶ ይመለሳል፣ እኔ ያንን ልዩነት ወደ ቁጥር ነው የምቀይረው። በዚህ ሳምንት የያዝኩት ሰብሉ ገና ያልበቀለበትን ወር ዳታ ለይቶ ማውጣት ነው። የቆምኩት ቅጠል ላይ ነው፤ ሰብሉ ሲያድግ ቅጠሉ ውስጥ ያለው ውሃም ሞገዱን ይነካዋል፣ የአፈሩን ከቅጠሉ መለየት አቅቶኛል።»

አሁን ጠረጴዛው ማዶ የተቀመጠችው ልጅ፣ ስለ ሳተላይት ምንም የማታውቀው፣ «ቅጠል ነው ያልከው? እኔ ጋ እኮ በየሳምንቱ የተለካ የቅጠል ስፋት አለ» ልትለው ትችላለች። የመጀመሪያውን አረፍተ ነገር ሰምታ ቢሆን ቅጠል የሚባል ነገር መኖሩን እንኳን አታውቅም ነበር። ለዚህ ነው «ቆሜያለሁ» የሚለውን ነገር አንድ በሚታይ ነገር ስም ጥሩት የምለው፣ ቅጠል፣ ፓምፕ፣ ከ200 ሰው ያልተመለሰ መጠይቅ፣ የማይነሳ ሰርቨር፣ ምንም ይሁን ምን።

ገና የጀመረና ምንም ዳታ የሌለው ሰውስ? እሱ ከሁሉም ይቀለዋል፣ ያነበበውን አንድ ፔፐርና ያልገባውን አንድ ነገር ይናገር፣ በቃ።

ደረጃ 4፦ ስለ ምግቡ እንዴት ይጠየቅ

«የሚወዱት ምግብ ምንድነው?» ብላችሁ ብቻ ከጠየቃችሁ መልሱ አንድ ቃል ነው፣ ፓስታ ይላል ይቀመጣል። ስለዚህ ጥያቄውን እንዲህ አድርጉት፦ ምን ትወዳለህ/ትወጃለሽ፣ ማን ሲሰራው ነው የሚጥመው፣ መቼ ነው የሚያምርህ/የሚያምርሽ? ሶስተኛዋ ጥያቄ ብዙ ታወጣለች። ሌሊት ኤክስፐሪመንት ላይ ሲያድር የምስር ሾርባ የሚያምረው ሰው ሌሊት እንደሚያድር ያወቃችሁት ያኔ ሊሆን ይችላል።

አንድ ነገር አደራ፣ «የአገርህን ምግብ አቅርብ» አትበሉ። ከተለያየ ቦታ የመጡ አባላት ባሉበት ግሩፕ ይሄ በቅን ልብ ይባላል፣ ግን አንዱን ሰው የአንድ አገር ወኪል ያደርገዋል፣ ሰውየው ደግሞ ከሁሉም በላይ የሚወደው ፒዛ ሊሆን ይችላል። የጠየቃችሁት እሱን ነው፣ አገሩን አይደለም። ስለ ምግብ ማውራት የማይፈልግም ካለ ስለሚጠጣው ነገር፣ ስለሚወደው የኩሽና ሽታ ወይም ጭራሽ ስለሌላ ነገር ያውራ፣ ማንም ለምን አይበለው።

አሁን ደግሞ እኔ በጣም የምወደው ክፍል፣ ከቻላችሁ እያንዳንዱ ሰው የምግቡን አሰራር በሪሰርች ፕሮቶኮል (የአንድ ሙከራ አሰራር ደረጃ በደረጃ የሚጻፍበት ሰነድ) መልክ ይጻፍ። ነገሩ ቀላል ይመስላል ግን አይደለም። ሰው ሩዝ እንዴት ይሰራል ሲባል «ታጥቦ ውሃ ይጨመርበትና እስኪበስል ይጣዳል» ብሎ ይጽፋል። ስንት ጊዜ ነው የሚታጠበው? ውሃው ከሩዙ ስንት እጥፍ ነው? ክዳኑ ይዘጋል ወይስ ይከፈታል? እሳቱ መቼ ይቀነሳል? መብሰሉ በምን ይታወቃል? የሚሰራው ሰው እጁ ስለለመደው እነዚህ ውሳኔዎች መሆናቸውን ራሱ አያውቅም። ላብ (ላቦራቶሪ) ውስጥም ያው ነው፤ «ናሙናው በደንብ ይታጠባል» ተብሎ የተጻፈ ፕሮቶኮል የጻፈው ሰው ከተመረቀ በኋላ የሚመጣውን ሰው ወራት ያስለፋዋል።

ስለዚህ መጠኑን በግራም ወይም በሚሊሊትር፣ ጊዜውን በደቂቃ፣ «ደረሰ» የሚባልበትን ምልክት ደግሞ በሚታይ ወይም በሚሸት ነገር ጻፉት። ከዛ ተለዋወጡና ፈቃደኛ የሆነ ሰው የሌላውን አሰራር ቤቱ ይሞክር፣ ባለቤቱን ሳይጠይቅ፣ እና የገመተበትን ቦታ ሁሉ በቀይ ያስምር። ቀዩ መስመር የጽሑፉ ክፍተት ነው። በቀጣዩ ሚቲንግ ያንኑ ነገር ግሩፑ በብዛት የሚጠቀምበት ፕሮቶኮል ላይ አድርጉት፣ እመኑኝ እዛም ቀይ ይበዛል።

ደረጃ 5፦ ቦታና የምግብ ደህንነት

ላብ ውስጥ አይበላም፣ አይጠጣም። ለአንድ ቀን ነው፣ ጠረጴዛውን ጠርገነዋል፣ ምናምን የሚባል ነገር የለም። ኬሚካል ከእጅ ወደ አፍ እንዴት እንደሚሄድ ስኳርን የሚተኩ ሰው ሰራሽ ማጣፈጫዎች ታሪክ ብቻውን ያሳያል። ሳካሪን እ.ኤ.አ. በ1879 የታወቀው ኮንስታንቲን ፋልበርግ ከላብ ወጥቶ ሲበላ እጁ ላይ የቀረ ነገር ስለጣፈጠው ነው፣ ሳይክላሜት በ1937 ማይክል ስቬዳ ላብ ውስጥ ሲያጨስ ሲጋራው ስለጣፈጠው ነው፣ አስፓርቴም በ1965 ጄምስ ሽላተር ወረቀት ለማንሳት ጣቱን ሲልስ ነው። እነሱ ጣፋጭ ስለገጠማቸው ተርፈዋል፣ እጃቸው ላይ የነበረው ሌላ ነገር ቢሆን ኖሮ ታሪኩ ሌላ ነበር።

ስለዚህ ሚቲንግ ሩም ወይም ካፌ ውስጥ አድርጉት። የላብ ፍሪጅ ውስጥ ምግብ አታስቀምጡ፣ የላብ ማይክሮዌቭ አትጠቀሙ፣ ከላቡ የበረዶ ማሽን በረዶ አታምጡ፣ ቢከር ውስጥ ጭማቂ አትቅዱ፣ አዲስ ቢሆንም፣ ምክንያቱም ቀጥሎ የሚመጣው ሰው አዲሱን ከአሮጌው አይለይም። ጓንትና ጋውን በር ላይ ይቅሩ፣ እጅ በሳሙና ይታጠብ።

ከቤት የሚመጣ ምግብ ላይ የዓለም ጤና ድርጅት ቁጥሮች እነዚህ ናቸው፦ የበሰለ ምግብ በክፍል ሙቀት ከ2 ሰዓት በላይ አይቆይ፣ ቀዝቃዛው ከ5 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች፣ ትኩሱ ከ60 በላይ ይያዝ፣ ሲሞቅ ደግሞ ውስጡ ቢያንስ 70 ይድረስ። ሴሽኑ ራሱ 70 ደቂቃ ስለሚወስድ ምግቡን መጀመሪያ ላይ ደርድራችሁ ንግግሩ እስኪያልቅ ማስቀመጥ ሰዓቱን ይበላዋል፣ ንግግሩ ሊያልቅ ሲል አውጡት። ሩዝ ላይ በተለይ ተጠንቀቁ፤ ባሲለስ ሴሬየስ የሚባለው ባክቴሪያ ስፖሩ (ሙቀት የሚቋቋመው ቅርፁ) ከመቀቀል ይተርፋል፣ ሩዙ ውጪ ሲቆይ ይራባና ማስታወክ የሚያመጣ መርዝ ያመርታል፣ ያ መርዝ ደግሞ ምግቡን እንደገና በማሞቅ አይጠፋም።

እያንዳንዱ ሳህን ፊት ለፊት ውስጡ ያለው ነገር የተጻፈበት ወረቀት ይቁም። የአሜሪካ ሕግ ዋና አለርጂ አምጪ ብሎ የሚዘረዝራቸው 9 ናቸው፦ ወተት፣ እንቁላል፣ ዓሳ፣ እንደ ሽሪምፕ ያሉ ባለ ቅርፊት የባህር እንስሳት፣ እንደ አልሞንድና ካሹ ያሉ የዛፍ ፍሬዎች፣ ኦቾሎኒ፣ ስንዴ፣ አኩሪ አተርና ከ2023 ጀምሮ ሰሊጥ። የአውሮፓ ህብረት ዝርዝር 14 ነው፣ ሰናፍጭና ሴለሪም አሉበት። ለየሳህኑ የራሱ ማንኪያ ይኑረው፣ ከኦቾሎኒው ሳህን የተነሳ ማንኪያ ሰላጣው ውስጥ ከገባ ወረቀቱ ዋጋ የለውም። ከባድ አለርጂ ያለበት አባል ካለ ያ ነገር ከነጭራሹ አይምጣ።

ሌላው፣ ሁሉም ሰው ሊበላው የሚችል አንድ ምግብ የግድ ይኑር። ተመራማሪዎቹ ኬትሊን ዉሊና አየሌት ፊሽባክ እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጡት ጥናት የማይተዋወቁ ሰዎች አንድ ዓይነት ምግብ ሲበሉ፣ የተለያየ ከበሉት ይልቅ እርስ በርስ የበለጠ ይተማመናሉ፣ ድርድር ላይም ቶሎ ይስማማሉ። ስለዚህ ብዙ ነገር የማይበላ ሰው ብቻውን የራሱን ምሳ ዕቃ ይዞ ጥግ ላይ እንዳይቀመጥ ምግቡን ስታቅዱ ከእሱ ጀምሩ፣ እሱ የሚበላውን አብዛኛውን ጊዜ ሌላውም ሰው ሊበላው ይችላል።

ደረጃ 6፦ የዕለቱ አካሄድ

ተራውን በዕጣ አውጡ፣ በማዕረግ በፍጹም። አድቫይዘሩ መጀመሪያ ከተናገሩ ሌላው ሁሉ የሳቸውን አነጋገር ይከተላል፣ መጨረሻ ላይ ከተናገሩ ደግሞ ነገሩ ፍርድ መስጠት ይመስላል፣ ስለዚህ እሳቸው ያለ ዕጣ መሃል ላይ ይግቡ። እሳቸውም እንደማንኛውም ሰው ምን ላይ እንደቆሙ ይናገሩ፣ ውድቅ የተደረገ የፈንድ ማመልከቻም ይሁን ያልተመለሰ ሪቪው። ይሄን ቀድማችሁ በግል ንገሯቸው፣ ድንገት አይሆንም።

እያንዳንዱ ሰው ሲናገር ሁልጊዜ የምግቡ ወሬ ይቅደም፣ ከዛ ፕሮጀክቱ። ጥያቄ ላይ አንድ ሕግ ብቻ አስቀምጡ፦ የመጀመሪያውን ጥያቄ የሚጠይቀው ተማሪ ነው፣ ያውም ተናጋሪው ፕሮጀክት ላይ የማይሰራ። ፕሮፌሰሩ ቀድመው ከጠየቁ ሌላው አፉን ይዘጋል። ሰዓት የሚይዝ ሰው መድቡ፣ 3 ደቂቃው ሲሞላ እጁን ያንሳ፣ አንድ ሌላ ሰው ደግሞ «ቆሜያለሁ» የተባለውንና «እኔ ጋ አለ» የተባለውን ብቻ ይጻፍ። ሌላ ቃለ ጉባኤ አያስፈልግም።

ኦንላይን የሚገቡ አባላት ካሉ እነሱንም ያለ ዕጣ ከመጀመሪያዎቹ ሶስት ተራ ውስጥ አስገቧቸው፣ ኋላ ላይ ክፍሉ ሲሞቅ እነሱ ይረሳሉ። ሰዓታቸው ለምግብ የማይሆን ከሆነ ሻይ ይዘው ይቅረቡ።

ሪከርድ አታድርጉት። ሰው ያልታተመ ሪዘልት፣ ያልተሳካ ኤክስፐሪመንት፣ ግማሽ ሀሳብ ነው የሚናገረው። ፓተንት ሊጠየቅበት የታሰበ ወይም ከሌላ ተቋም ጋር ሚስጥራዊነት የተፈረመበት ስራ ያለው አባል ምን መናገር እንደሚችል ከአድቫይዘሩ ጋር አስቀድሞ ይነጋገር፣ ከሰው ጋር የሚሰራ ጥናት ላይ ያለም የተሳታፊ ማንነት የሚያስታውቅ ነገር ስላይዱ ላይ አያድርግ። ፎቶ ማንሳትም በፈቃድ፣ ስላይድ ከጀርባ የታየበት ፎቶ ደግሞ ሶሻል ሚዲያ ላይ አይወጣም።

ደረጃ 7፦ በማግስቱ

እዚህ ላይ ነው ብዙ ግሩፕ የሚያቆመው፣ ደስ የሚል ቀን ነበር ተብሎ ይቀራል። አንድ የጋራ ዶክመንት ክፈቱና ለእያንዳንዱ አባል አንድ ረድፍ ስጡት፦ ጥያቄው፣ የቆመበት፣ ሌላውን ሊረዳበት የሚችለው ነገር (ኮድ፣ ማሽን፣ ቋንቋ፣ ስታቲስቲክስ)፣ የሚወደው ምግብና የማይበላው፣ የማይበላውን ራሱ ከፈቀደ ብቻ። የሳተላይቱ ልጅ ረድፍ ለምሳሌ እንዲህ ይሆናል፦ «የአፈር እርጥበት ከራዳር። የቆመው፦ የቅጠል ውሃ። የሚረዳው፦ ፓይተን፣ ካርታ ስራ። ምግብ፦ የምስር ሾርባ፣ ሌሊት።»

ከዛ ያ ጸሐፊ የመዘገባቸውን ጥንዶች እያየ፣ ቅጠል ላይ የቆመውን ልጅና የቅጠል ልኬት ያላትን ልጅ ማለት ነው፣ በዛው ሳምንት የ30 ደቂቃ ቀጠሮ ያስይዛቸው። «እናወራለን» ተብሎ ከተተወ አይወራም። ቀጠሮው ካለንደር ላይ ይግባ፣ የሚያገናኘው ሰው ደግሞ ከሳምንት በኋላ ተገናኛችሁ ወይ ብሎ ይጠይቅ፣ ካልተገናኙ ሌላ ቀን ይቁረጥላቸው።

ረድፉን በየሴሚስተሩ መጀመሪያ አድሱት፣ የቆመበት ነገር ስለሚቀያየር። ሙሉ ሴሽኑን በዓመት አንዴ ወይም ሁለቴ ድገሙት፣ በየወሩ ከሆነ ሰው ይሰለቻል። አዲስ አባል ሲመጣ ዶክመንቱ በመጀመሪያው ቀን ይላክለት፣ በመጀመሪያው ሳምንት መጨረሻም የራሱን ረድፍ ይሙላ፣ «የቆመው» የሚለው ቦታ ላይ «ገና ምንም አልገባኝም» ብሎ ቢጽፍም ትክክለኛ መልስ ነው፣ የጻፈውን አይቶ ቀድሞ የሚያናግረው ሰው ግን ከዛው ቀን ጀምሮ ይመደብለት።